ከጭላሎ እስከ «ካዱ»፤ የእንግሊዝኛ እንግዳ ቃላትና አነባበባቸው በታሪክ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ባዕድ ቃል ወደ አንድ አገር ሲገባ ከሁለት በሮች በአንዱ ይገባል። አንደኛው በር ጆሮ ነው፤ ሁለተኛው ዐይን ነው። በጆሮ የገባውን ቃል አንደበት እንደ ተቻለው ይቀበለዋል፤ ያለዝበዋል፤ የአገር ልብስ ያለብሰዋል፤ ጥቂት ዓመታት ካለፉም በኋላ እንግዳነቱ ይረሳል። በዐይን የገባው ቃል ግን በመጽሐፍ ተጽፎ የተገኘ ነውና፥ ድምፁን የሚያስተምር ሰው አብሮት ካልመጣ፥ አንባቢው ፊደሉን ቆጥሮ ድምፁን በግምት ይፈጥርለታል። ግምቱም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አነባበብ ይርቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰሚ ፈገግ ሲል አንባቢው ያፍራል፤ ያፈረም ሰው ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ምክንያት ስንት በጎ አሳብ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባና በየትምህርት ቤቱ ወንበር ላይ ሳይነገር እንደ ቀረ የሚቆጥር የለም።

የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ይህ ኀፍረት መሠረት የሌለው መሆኑን በታሪክ ማስረዳት ነው። ምሳሌያችንንም ከሩቅ አገር አንፈልግም፤ ከአሰላና ከአርሲ ደጋ እንወስዳለን። ይህ አገር ስንዴና ገብስ የሚታፈስበት ብቻ ሳይሆን፥ አማርኛ፥ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ በአንድ ገበያና በአንድ መሥሪያ ቤት የተገናኙበት ነውና፥ ስለ ቃላት ጉዞ ብዙ ያስተምራል። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አድማጭ እንዲያስታውስ አስቀድመን እንለምናለን።

ከአሰላ ከተማ በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው አንድ ታላቅ ተራራ ቆሟል፤ ስሙም ጭላሎ ይባላል። የስሙ የመጀመሪያ ድምፅ «ጭ» ነው። ይህ ድምፅ እስትንፋስ በጉሮሮ ታግዶ በድንገት ሲለቀቅ የሚፈነዳ ድምፅ ሲሆን፥ አማርኛም ኦሮምኛም አላቸው፤ እንግሊዝኛ ግን የለውም። ስለዚህ የተራራው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ «ጭ» የሚጻፍበት ምልክት ስለ ታጣ፥ ሲ እና ኤች የተባሉት ሁለት ፊደላት ተጣምረው ተተኩለት፤ ተራራውም በባዕዳን አፍ «ቺላሎ» ሆነ። ይህ የመጀመሪያው ለውጥ ነው።

በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት መሠረት የጭላሎን አውራጃ እርሻ ለማሻሻል አንድ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም በአሰላ ሆነ። ሙሉ ስሙ በእንግሊዝኛ «ቺላሎ አግሪካልቸራል ዴቨሎፕመንት ዩኒት» ይባል ነበር። ስሙ ረዝሞ ስላስቸገረ የአራቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት፥ ይኸውም ሲ፥ ኤ፥ ዲ እና ዩ፥ ተለቅመው አንድ አጭር ስም ወጣላቸው። በዚህ ጊዜ ከሲ ጋር ተጣምራ የነበረችው ኤች ቀረች። ሲ ብቻዋን ከኤ በፊት ስትቆም ደግሞ «ክ» ተብላ እንድትነበብ የእንግሊዝኛ ሥርዓት ያዛል። ስለዚህ የድርጅቱ ስም «ካዱ» ሆነ። ይህ ሁለተኛው ለውጥ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። የጭላሎ «ጭ» በመጀመሪያ «ች» ሆነ፤ ቀጥሎም «ካ» ሆኖ ወደ ተነሣበት ተራራ ግርጌ ተመለሰ። አንዱ ለውጥ ከሌላው የተከተለው በሥርዓት ነው፤ ማንም አልሳተም። ነገር ግን «ካዱ» ከሚለው ስም ተነሥቶ ጭላሎን የሚያገኝ ሰው አይኖርም። «ካዱ» የሚለውም በአማርኛ የራሱ ከባድ ትርጉም ያለው ግስ መሆኑን ለአድማጭ ማስታወስ አያስፈልግም። አንድ ቃል በፊደል መንገድ ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ወደ ድርጅቱ ውስጥ ገብተን ብንመለከት ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ስዊድናውያኑ የእናት ቋንቋቸው ስዊድንኛ ነው፤ አብረዋቸው የሚሠሩት ኢትዮጵያውያን የእናት ቋንቋቸው አማርኛ፥ ኦሮምኛ ወይም ሌላ የአገር ቋንቋ ነው። የሁለቱ ወገን መገናኛ እንግሊዝኛ ሆነ፤ የድርጅቱም የጥናት ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ይታተሙ ነበር። እንግሊዝኛው በዚያ ቢሮ የሁሉም እንግዳ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት የሆነ ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል።

በነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ ቃል አለ፤ «ቴናንት» የሚል ነው። በአማርኛ ጭሰኛ የምንለው ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ በመሠረቱ «የሚይዝ፥ የያዘ» ማለት ነው። የአማርኛው ቃል ግን በጭስ ይጠራል፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ጭስ የሚያጨስ እንደ ማለት ነው። የድርጅቱ ዓላማ አነስተኛውን ገበሬ ለመርዳት ነበር። ነገር ግን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጭላሎ የሆነው ነገር በታሪክ የታወቀ ነው። አዲሱ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያው ትርፍ ሲያስገኝ፥ ብዙ ባለ ርስቶች ትራክተር እየገዙ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ በመሬቱ ላይ ይኖሩ የነበሩትንም ጭሰኞች አስወጡ። «የሚይዝ» የተባለው ሰው የያዘው ነገር እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታየ። መጋቢት 4 ቀን 1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት እስኪሽር ድረስ ነገሩ በዚህ ቆየ።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። «ትራክተር» የሚለው ቃል ወደ አርሲ ደጋ የገባው በጆሮ በር ነው። ጭሰኛው ቃሉን ከሾፌር፥ ከመካኒክና ከገበያ ሰማው፤ ለመጥራትም አልተቸገረም። «ቴናንት» የሚለው ቃል ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ስለ ጭሰኛው ዕድል የተጻፈው ሁሉ ጭሰኛው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ ተጻፈ። እንግዳ ቃልን ማወቅና መጥራት የቅንጦት ነገር ብቻ ሳይሆን፥ ስለ ራስ የተባለውን የመስማትና መልስ የመስጠት ኀይል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በጆሮ የገቡት የእርሻ ቃላት በዚያ አገር ዛሬም በሕይወት አሉ። «ዳፕ» የተባለው ማዳበሪያ ስሙ የሦስት እንግሊዝኛ ፊደላት አህጽሮት መሆኑን ገበሬው ባያውቅም፥ ቃሉን ግን እንደ አገሩ ቃል ያዘዋል። አጫጁንና ወቂውን መኪና «ኮምባይነር» ይለዋል። የሚደንቀው፥ እንግሊዞች ራሳቸው ለዚህ መኪና «ኮምባይን» እንጂ «ኮምባይነር» አይሉም፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን «ር» የጨመርንላቸው እኛ ነን። ይህም ስሕተት ሊባል አይገባም። ትራክተርና ሞተር በ«ር» የሚያበቁ ስለሆነ፥ የአገር ጆሮ አዲሱን መኪና ከወንድሞቹ ጋር አሰልፎ ጠራው።

አሁን ወደ ዐይን በር እንመለስ። አንድ የአሰላ ተማሪ በእርሻ መጽሐፍ ውስጥ አምስት ቃላት አገኘ እንበል፤ እነርሱም ማረሻ፥ ድርቅ፥ የከብት መመገቢያ ገንዳ፥ ሻካራ፥ እና «በ … ውስጥ አልፎ» የሚል ትርጉም ያላቸው ናቸው። አምስቱም በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ኦ፥ ዩ፥ ጂ፥ ኤች የሚባሉት አራት ፊደላት ተከታትለው ይገኙባቸዋል። ተማሪው አንዱን ካወቀ አራቱን ያወቀ ይመስለዋል። ሲነበቡ ግን ማረሻው «ፕላው»፥ ድርቁ «ድራውት»፥ ገንዳው «ትሮፍ»፥ ሻካራው «ረፍ»፥ አምስተኛው ደግሞ ምላስን ከጥርስ አስጠግቶ «ስሩ» ይሆናል። አራት ፊደላት፥ አራት ልዩ ልዩ ድምፅ! ደግሞም «መዝራት» የሚለውና «እንስት ዐሣማ» የሚለው በአጻጻፍ አንድ ሲሆኑ፥ የመጀመሪያው «ሶው»፥ ሁለተኛው «ሳው» ተብሎ ይነበባል። ተማሪው ግራ ቢገባው ምን ያስደንቃል?

የዚህ ሁሉ ምክንያት በእንግሊዝ አገር ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ጂ እና ኤች ተጣምረው የሚጻፉበት ቦታ በጥንቱ እንግሊዝኛ ከኛ «ኸ» ጋር የሚቀራረብ የጉሮሮ ድምፅ ነበረ። ከጊዜ ብዛት ድምፁ ከብዙ ሰው አንደበት ጠፋ፤ በአንዳንዱ ቃል ፈጽሞ ዝም አለ፤ በአንዳንዱም ወደ «ፍ» ተለወጠ። ፊደሉ ግን እንደ መቃብር ድንጋይ በቦታው ቆሞ ቀረ። በዚህ ላይ በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ስለ ያዙ፥ የፈረንሳይኛ ቃላትና የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ከአገሩ ቋንቋ ጋር ተደባለቀ። በ1476 ዊልያም ካክስተን የሚባል ሰው በዌስትሚንስተር የመጀመሪያውን ማተሚያ ሲያቆም፥ አጻጻፉ በእርሳስ ፊደል መርጋት ጀመረ። አናባቢዎቹ ግን አልረጉም፤ ከ1400 እስከ 1700 ገደማ ባለው ዘመን የረዘሙት አናባቢዎች ሁሉ ከቦታቸው ተንቀሳቀሱ። ቀድሞ «ሁስ» ይባል የነበረው ቤት «ሃውስ» ሆነ፤ «ቲም» ይባል የነበረው ጊዜ «ታይም» ሆነ። እንግዲህ ማተሚያው የቀድሞውን ይጽፋል፤ አፍ የዛሬውን ይናገራል። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ የድሮ ድምፅ ማኅደር ነው።

ሊቃውንቱም በበኩላቸው ነገሩን አወሳሰቡት። ላቲንን ከማክበር የተነሣ በእንግሊዝኛ ያልነበሩ ፊደላትን በቃላት መካከል አገቡ። «ዕዳ» የሚለውን ቃል ሕዝቡ «ዴት» ይለው ነበር፤ ሊቃውንቱ የላቲኑን ዘር ለማስታወስ ቢ የምትባለውን ፊደል ጨመሩበት፤ አፍ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበላትም። በየቢሮው የምንቀበለውና የምንሰጠው የገንዘብ ደረሰኝም «ሪሲት» ተብሎ ሲነበብ በመካከሉ አንዲት ዝምተኛ ፒ አለች፤ ታሪኳም እንደ ዕዳው ነው። «ደሴት» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው ኤስ፥ የረጅም እጀታ ማጭድ ስም በሆነው «ሳይዝ» ውስጥ ያለችው ሲ፥ ሁለቱም ከላቲን ጋር ዝምድና አላቸው ተብሎ በተሳሳተ ግምት የገቡ ናቸው። ስለዚህ አንድ የአርሲ ተማሪ እነዚህን ፊደላት ቢያነባቸው፥ ስሕተቱ የእርሱ ሳይሆን ከእርሱ አራት መቶ ዓመት ቀድመው የኖሩ ሰዎች ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛ ቅርብ የሆነ ሌላ ቃል እንጨምር። «ኮሎኔል» የሚለውን ማዕርግ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ቃሉ ከጣሊያንኛ ወደ ፈረንሳይኛ ገብቶ፥ በፈረንሳይኛ አንዳንዱ በ«ል»፥ አንዳንዱ በ«ር» ይጠራው ነበር። እንግሊዞች በ16ኛው መቶ ዓመት ሲወስዱት ሁለቱንም ወሰዱ፤ በመጨረሻም አጻጻፉን ከ«ል»፥ አነባበቡን ከ«ር» ወስደው «ከርነል» ይሉት ጀመር። እኛ ግን የፈረንሳይኛውን መንገድ ተከትለን «ኮሎኔል» ብለን ቀረን። የሌተናነትን ማዕርግ እንግሊዛዊው «ሌፍተናንት»፥ አሜሪካዊው «ሉተናንት» ይለዋል። የሥራ ሰሌዳንም አንደኛው «ሼጁል»፥ ሁለተኛው «ስኬጁል» ይለዋል። በአንድ ቃል ላይ ባለቤቶቹ ካልተስማሙ፥ እንግዳው ከአንዱ ጋር ቢስማማ ምን ነውር አለው?

ወደ አገራችን እንግሊዝኛ የገባበትን መንገድ ብንመረምር ደግሞ ይህ የአነባበብ መለያየት ከየት እንደ መጣ ይገለጥልናል። ዓጼ ምኒልክ በ1908 ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ያስተማሩት ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥትና በመሥሪያ ቤት የበላይነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነው፤ «ቢሮ»፥ «ካቢኔ»፥ «ሚኒስቴር» የሚሉት ቃላት የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው። ከ1941 ነጻነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመሩት ከካናዳ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባቶች ነበሩ። በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ከሕንድ የመጡ ብዙ መምህራን አገለገሉ። በ1962 ደግሞ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየከተማው ያስተምሩ ጀመር። ከ2004 በኋላም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ ተማሪዎችም «ፕላዝማ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ቢያስተምር፥ አያቱ የግብጹን፥ አባቱ የሕንዱን ወይም የአሜሪካዊውን፥ ልጁ የደቡብ አፍሪካውን አነባበብ ሊሰማ ይችላል። የቀድሞው ባለሥልጣን በፈረንሳይኛው መንገድ «ዲሬክተር» ይል ነበር፤ የዛሬው በእንግሊዝኛው መንገድ «ዳይሬክተር» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለያዩት በዘመን ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ ሽማግሌውና ወጣቱ በዚህ ቃል ቢለያዩ፥ የተለያዩት በዕውቀት ሳይሆን በገቡበት በር መሆኑን ሊያውቁ ይገባል።

እንግሊዞች ራሳቸው ስለ አነባበብ እንዳልተስማሙና እንደ ተቸገሩ መጻሕፍቶቻቸው ይመሰክራሉ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላት ሲያወጣ አጻጻፉ ይበልጥ ጸና። በ1791 ጆን ዎከር የሚባል ሰው የአነባበብ መዝገበ ቃላት ባወጣ ጊዜ፥ ስኮትላንዳውያን፥ አየርላንዳውያንና የሎንዶን ተወላጆች ሳይቀሩ የየራሳቸውን አነባበብ እንዲያርሙ የሚያዝ ደንብ በመጽሐፉ ፊት አኖረ። በሎንዶን ተወልዶ የሎንዶንን ቋንቋ መናገር ካልቻለ፥ በአሰላ ለተወለደ ሰው ምን ይባላል? በ1886 በፓሪስ የተቋቋመው የድምፅ ሊቃውንት ማኅበር ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ምልክት የሚሰጥ ፊደል አዘጋጀ፤ በ1917ም ዳንኤል ጆንስ በዚህ ዐይነት ምልክት የእንግሊዝኛን አነባበብ በመዝገበ ቃላት አሳተመ። ለአንድ ድምፅ አንድ ምልክት የሚለው አሳብ ለግዕዝ ፊደል ልጅ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ እኛም ፊደላችን ፍጹም ነው ብለን እንዳንመካ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሀ፥ ሐ እና ኀ በጥንት ዘመን ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ ዛሬ በአማርኛ አንድ ናቸው፤ ፊደሎቹ ግን ሦስት ሆነው ቀርተዋል። ሠ እና ሰ፥ ዐ እና አ፥ ፀ እና ጸ እንዲሁ ናቸው። ይህም ከእንግሊዝኛው ዝምተኛ ፊደል ጋር ወንድማማች ነው። ከዚህም በላይ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ያሳያል፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ፥ ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ስውር ነገር አለው፤ ይኸውም በቃል ውስጥ አንዱን ክፍል አበርትቶ መጥራት ነው። «ኮምባይን» የሚለው መጀመሪያው ሲበረታ የአጨዳ መኪና፥ መጨረሻው ሲበረታ ማዋሐድ ይሆናል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው የእነርሱን ብርታት በኛ ጥብቀትና ልላት መስሎ ቢያጠናው ነገሩ ይቀለዋል።

የአርሲ ልጅ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ደግሞ በተለይ መመልከት ይገባል። በ1963 አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆኖ ነበር። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ከ1994 የትምህርት ፖሊሲ በኋላም በኦሮሚያ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ይማራሉ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ቁቤ የረዘመውን አናባቢና የጠበቀውን ተናባቢ ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ስለሚያሳይ፥ የተጻፈው ሁሉ እንደ ተጻፈ ይነበባል። ነገር ግን በቁቤ ሲ «ጨ» ናት፤ ኤክስ «ጠ» ናት፤ ኪው «ቀ» ናት። ስለዚህ ልጁ አንዱን ፊደል ጠዋት በኦሮምኛ ክፍለ ጊዜ በአንድ ድምፅ፥ ከቀትር በኋላ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በሌላ ድምፅ ማንበብ አለበት። ይህን የሚያደርግ ልጅ ሲሳሳት «አያውቅም» ይባላል፤ እውነቱ ግን ሁለት ሥርዓት ማወቁ ነው። ቀድሞ ያነሣናቸውን አራት ፊደላት፥ ሲ፥ ኤ፥ ዲ፥ ዩ፥ ለዛሬ የአሰላ ልጅ ብንሰጠውና በቁቤ ደንብ ቢያነባቸው «ካዱ» አይልም፤ በ«ጨ» ይጀምራል። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ የጭላሎ «ጭ» በልጁ አንደበት ወደ ቦታው ይመለሳል ማለት ነው!

ጉዞው በአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነም እናስታውስ። በአርሲና በባሌ ደጋ የሚገኝ አንድ አውሬ አለ፤ በአማርኛ የደጋ አጋዘን ይባላል። ሪቻርድ ላይዴከር የተባለ እንግሊዛዊ በ1910 ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀው፤ በደቡብ አፍሪካ የሚኖር ሌላ እንስሳ ስለሚመስልም በእንግሊዝኛ በዚያው ስም ተጠራ። ስሙ በዙሉ ቋንቋ በ«ኛ» ድምፅ የሚነገር ነው። እንግሊዞች «ኛ» የሚጻፍበት ፊደል ስለሌላቸው ኤን እና ዋይን አጣመሩ፤ እኛም ከእነርሱ ወረቀት ላይ ስንገለብጠው «ኛላ» በማለት ፈንታ «ኒያላ» ብለን ጻፍነው፤ ዛሬም የድርጅትና የሸቀጥ ስም ሆኖ እናየዋለን። በፊደላችን ውስጥ ኛ እያለ ተሰባብሮ የተጻፈው በዐይን በር ስለ ገባ ነው።

የአርሲ ሯጮች ስምም በዓለም አደባባይ ሲጠራ ሰምተናል። በእንግሊዝኛ «ቀ» ስለሌለ፥ የውጭ አገር ተናጋሪ የበቆጂውን ቀነኒሳን በ«ክ» ይጠራዋል፤ በቆጂንም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት ያ ተናጋሪ ያልተማረ ነው ያለ ሰው የለም። ለእንግዳ የምናደርገውን ይህን ይቅርታ ለራሳችን ልጅ ብንነፍገው ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ይህን ስንል ግን አነባበብ እንደ ፈለገ ይሁን ማለታችን አይደለም። ስም በትክክል ካልተጠራ ሰው ይጠፋል፤ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ስም በትክክል ካልተነበበ ጉዳት ይመጣል። ስለዚህ እንግዳ ቃል ያገኘ ሰው ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፥ ቃሉን ከትርጉሙ ጋር ብቻ ሳይሆን ከድምፁ ጋር ይያዝ፤ ድምፁን ሳይሰማ የጻፈው ቃል ግማሽ ቃል ነው። ሁለተኛ፥ መዝገበ ቃላት ይመርምር፤ ይህ ሥራ በአገራችን ቋንቋ ረጅም ታሪክ አለው። በጀርመን የተወለደው ሚሲዮናዊ ኢዘንበርግ በ1841 በሎንዶን የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳትሞ ነበር፤ አምሳሉ አክሊሉና ሞዝባክ የተባለው ባልደረባቸውም በ1973 የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን አውጥተዋል። ሦስተኛ፥ ያገኘውን ድምፅ በግዕዝ ፊደል ወይም በቁቤ በቃሉ አጠገብ ይጻፍ፤ የሚበረታውንም ክፍል ያስምርበት። ፊደሎቻችን የባዕድን ድምፅ ሁሉ ባይዙም፥ ከእንግሊዝኛው አጻጻፍ ይልቅ ለእውነተኛው ድምፅ ይቀርባሉ።

በመሥሪያ ቤት ያለነው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለብን። የአሰላ ስም ራሱ በላቲን ፊደል አንዳንዱ ኤስን አጥብቆ፥ አንዳንዱ ኤልን አጥብቆ፥ አንዳንዱ ሁለቱንም ነጠላ አድርጎ፥ በቁቤ ደግሞ በራሱ ሥርዓት ይጽፈዋል። በአንድ መዝገብ ውስጥ አንድ ከተማ ሦስትና አራት ከተማ መስሎ ሲታይ፥ ባለ ጉዳዩ ፋይሉ ጠፋ ተብሎ ይመላለሳል። ይህን ማስተካከል የሊቅነት ሥራ አይደለም፤ የጥንቃቄ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰውን ዝም አለማሰኘት ነው። በስብሰባ ላይ አንድ ሰው ባዕድ ቃልን አጣምሞ ቢጠራ፥ በመጀመሪያ አሳቡን እናድምጥ፤ አነባበቡን በኋላ በለሆሳስ መንገር ይቻላል። የጭላሎ ጭሰኛ ስለ እርሱ የተጻፈውን ቃል መጥራት አልቻለም ነበር፤ የተነቀለው ግን ቃሉ ሳይሆን ጎጆው ነው። የዛሬው የአርሲ ልጅ ቃሉን አግኝቶታል፤ ለመጥራትም አፉን ከፍቷል። ያንን አፍ በሣቅ የሚዘጋ ሰው፥ ምንም እንግሊዝኛው የተጣራ ቢሆን፥ የተማረ ሊባል አይችልም።